ታኮ የማን ነው? የበቆሎ ቂጣዬስ ለምን ይሰባበራል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በምሠራበት ምግብ ቤት ከሜክሲኮ የመጣ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ‹ታኮ የአሜሪካኖች ፈጣን ምግብ ነው› ብዬ ብነግረው ተቆጣ፤ ‹ከአዝቴኮች ዘመን ጀምሮ የኖረ የአያቶቼ ምግብ ነው› አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ሁለተኛ፣ ቂጣውን ከበቆሎ ዱቄት ቤቴ ውስጥ ስሞክር ሳጥፈው ይሰባበርብኛል፤ ውሃም ዘይትም ብጨምር ለውጥ የለውም። ሦስተኛ፣ በመኪና ላይ ምግብ መሸጥ ልጀምር አስቤአለሁ። ወጥ በእንጀራ ጠቅልዬ ‹የኢትዮጵያ ታኮ› ብለው ያዋጣኛል? እንጀራም ታኮም ያው ጠቅልሎ መብላት አይደለም?»

ምላሽ፦ በክርክሩ ባልደረባዎ ይበልጥ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ነገር ግን እሱም ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው የነገረዎት። ሥጋው ወይም ሌላው ሙሌት የሚጠቀለልበት የበቆሎ ቂጣ ጥንታዊ ነው፤ «ታኮ» የሚለው ስምና ታኮ ቤት የሚባለው ንግድ ግን ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት ሜክሲኮን ይገዙ ከነበሩት ከአዝቴኮች የወረዱ አይደሉም። ቃሉ የምግብ ስም ሆኖ ተጽፎ የሚገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እርስዎ በዓይነ ህሊናዎ የያዙት፣ እንደ ጀልባ የታጠፈውና ሲነከስ የሚፈረካከሰው ደረቅ ታኮ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ሜክሲኳውያን ይሠሩት የነበረ፣ በኋላ የአሜሪካ ኩባንያዎች ያባዙት ነው። ሦስቱ ተለያይተው ካልታዩ ክርክሩ አያልቅም። ከታሪኩ በፊት ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሂድ፤ የተሰባበረው ቂጣዎ የሌላውንም ሁሉ መልስ ይዟል።

ያጎደሉት ውሃ አይደለም፣ ዘይትም አይደለም። ያጎደሉት ኖራ ነው። በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። ደረቅ በቆሎ ተፈጭቶ በውሃ ሲለወስ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፤ ሲጫኑት ቅርጽ ይይዛል፣ ሲያጥፉት ይበተናል። እናቶቻችን የበቆሎ ቂጣን ወፈር አድርገው ጋግረው፣ ሳያጥፉ ቆርሰው የሚያቀርቡትም ጠባዩን ስለሚያውቁ ነው። የሜክሲኮ ሴቶች ይህን ችግር ቢያንስ ከ3,000 ዓመት በፊት ፈትተውታል። በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት ኖራ ወይም አመድ በገባበት ውሃ ይቀቅሉታል፤ በዚያው ውሃ ያሳድሩታል፤ ጠዋት አጥበው እርጥቡን ይፈጩታል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል። ስሙ አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍሉ «አመድ» ማለት ነው።

የበቆሎ ንፍሮ ሲበሉ በጥርስዎ መካከል የሚቀረውን ቀጭን ቆዳ ያስታውሱ። ኒሽታማል ማለት በኖራ ውሃ የተቀቀለ ንፍሮ ነው ብለው ቢያስቡት አይሳሳቱም። ያ ቆዳ በኖራው ኃይል ይላላል፤ ጠዋት ፍሬውን በመዳፍዎ መካከል አሸት ሲያደርጉት እንደ ሙጫ እያሟለጨ ተልጦ ይወርዳል። ከስሩ የሚወጣው ፍሬ ያበጠ፣ የለሰለሰና ቢጫማ ጥላ ያረፈበት ነው፤ ሽታውም ዝናብ የነካውን አፈር ያስታውሳል። ሊጡን የሚያያይዘው ከዚህ ቆዳ የሚሟሟው ሙጫ፣ በከፊል የበሰለው ስታርችና ከኖራው የገባው ካልሲየም ተባብረው ነው። ይህ ሊጥ ማሳ ይባላል። ተጠፍጥፎ በደረቅ ምጣድ ላይ ሲጣል ያብጣል፤ ተጋግሮ ሲወጣ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። እርስዎ የገዙት ተራ የበቆሎ ዱቄት ይህን ሂደት አላለፈም። የፈለጉትን ያህል ቢያሹት ያልተደረገለትን ነገር ሊሰጥዎ አይችልም።

ኖራው ከዚህ የበለጠ ሥራም አለው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በበቆሎ ውስጥ ናያሲን የሚባል ቪታሚን አለ፤ ነገር ግን ተቆልፎ የተቀመጠ ስለሆነ ሰውነታችን በቀላሉ አያገኘውም። ኖራው ይህን ቁልፍ ይከፍተዋል። ስፔናውያን በቆሎን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ዘሩን ወሰዱ፤ የሴቶቹን ዕውቀት ግን ትተውት ሄዱ። ውጤቱ ፔላግራ የተባለው በሽታ ነበር፤ ቆዳን የሚያቃጥል፣ ሆድን የሚያውክ፣ አእምሮን የሚያቃውስ፣ ካልታከመም የሚገድል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስፔንና በጣሊያን በበቆሎ ብቻ የሚኖሩ ድሆችን መታ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካን ደቡብ ግዛቶች አጠቃ። ብዙዎች ተላላፊ ነው ብለው ሲፈሩት፣ ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር መነሻው የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። የሜክሲኮ ገበሬ ግን ከዕለት ወደ ዕለት በቆሎ እየበላ በዚህ በሽታ አልተጠቃም። በአንድ ጭብጥ ኖራ ውስጥ ይህን ያህል ነገር ነበር። ጤፉን፣ ሽሮውንና ምስሩን እያፈራረቀ የሚበላ ቤተሰብ ስለ ፔላግራ መጨነቅ የለበትም፤ አደጋው ሌላ ነገር ሳይጨመር በቆሎን ብቻ መብላት ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በቆሎ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር የተገራ እህል ነው። ወደ እኛ የመጣው ከአምስት መቶ ዓመት ወዲህ ነው፤ አንዳንድ አካባቢ «የባህር ማሽላ» መባሉ መምጫውን ይናገራል። በርበሬያችንም የዘር ሐረጉ ከዚያው ከሜክሲኮ ምድር ይመዘዛል። ቲማቲምና አቮካዶ የሚሉት ስሞች ደግሞ በስፔንኛ በኩል አልፈው እኛ ጋ የደረሱ የናዋትል ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከታኮ ጋር ያለን ዝምድና አለ፤ ግን እርስዎ በጠቀሱት በመጠቅለሉ በኩል አይደለም። ለዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

ስፔናውያን በ1519 ሜክሲኮ ሲደርሱ ሕዝቡ በበቆሎ ቂጣ ምግብ እየጠቀለለ ይበላ ነበር። ቂጣው በናዋትል ትላሽካሊ ይባላል፤ «ቶርቲያ» ስፔናውያኑ ከራሳቸው ቋንቋ ያወጡለት ስም ነው። «ታኮ» የሚለው ቃል ግን በስፔንኛ ውታፍ፣ መወተፊያ፣ የጠብመንጃ ጥይት ማጥበቂያ ማለት ነበር። የምግብ ታሪክ ተመራማሪው ጄፍሪ ፒልቸር እንደሚሉት ስሙ የተወለደው በሜክሲኮ የብር ማዕድን ማውጫዎች ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኞቹ ዓለቱን ለማፍረስ ባሩድ በወረቀት ጠቅልለው በተበሳው ቀዳዳ ይወትፉ ነበር፤ ይህን ጥቅልል «ታኮ» ይሉታል። በሥጋና በቃሪያ ተሞልቶ የተጠቀለለ ቂጣም ያንኑ ይመስላል። ከጥንቶቹ የታኮ ዓይነቶች አንዱ «የማዕድን ሠራተኛ ታኮ» መባሉ ይህን ግምት ያጠናክረዋል። ቃሉን ከናዋትል ትላህኮ፣ «መካከል» ወይም «ግማሽ» ከሚለው የሚያወጡም አሉ። እኔ የማዕድኑን መነሻ የተሻለ ማስረጃ ያለው አድርጌ እቀበለዋለሁ።

ታኮ የከተማ ምግብ የሆነው በስደት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ፋብሪካና ግንባታ ሰዎችን ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሲስቡ፣ ሴቶቹ የየአገራቸውን ወጥና ጥብስ ይዘው መጡ። ሠራተኛው ሰሃን የለውም፣ መቀመጫ የለውም፣ ጊዜም የለውም። በእጅ የሚያዝ፣ በሳንቲም የሚገዛ፣ ቆሞ የሚበላ ምግብ ነው የሚፈልገው። በዚያን ዘመን የተማረው ክፍል በቆሎን ይንቅ ነበር። በ1899 ፍራንሲስኮ ቡልኔስ የተባለ ፖለቲከኛና ጸሐፊ የሰውን ልጅ ስንዴ በል፣ ሩዝ በልና በቆሎ በል ብሎ ከፋፍሎ የአገሩን ድህነት በበቆሎ ላይ አላከከ። እህሉ ንጹሕ ነበር፤ ጥፋቱ መሬቱን ከገበሬው የነጠቀው ሥርዓት ነው። ይህን ንቀት ያሸነፈው የምሁራን ክርክር አይደለም፤ በየመንገዱ ዳር እሳት አንድደው የሸጡት ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም ዓይነት በላይ ማየት የሚገባዎ ታኮ አል ፓስቶር ነው፤ ትርጉሙ «የእረኛ ታኮ» ማለት ነው። ኦቶማን ቱርኮች ከሚገዟቸው አገሮች፣ በተለይ ከሊባኖስ፣ የተሰደዱ ሰዎች በፑዌብላ ከተማ ሰፈሩ። በ1930ዎቹ ገደማ በቆመ ዘንግ ላይ ሥጋ ደራርበው፣ በእሳት ፊት እያዞሩ፣ እየሸለቱ በዓረብ ቂጣ መሸጥ ጀመሩ። ቤይሩት ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ሻዋርማ ብሎ የሚያውቀው ነው። ቀጣዩ ትውልድ በበጉ ፋንታ አሳማ፣ በዓረብ ቂጣው ፋንታ ቶርቲያ ተካ። ሥጋውን በደረቅ ቃሪያና አቺዮቴ በሚባል ቀይ ፍሬ ቀባው፤ ከአናቱም አናናስ ሰካበት። ሻጩ ሲሠራ በቅርብ ሆነው ይመልከቱት። በግራ እጁ ቶርቲያውን ከሥጋው ስር ይይዛል፤ በቀኙ ረጅሙን ቢላ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል፤ እንደ ወረቀት የሳሳው ሥጋ ጫፉ አሮ፣ ውስጡ ረጥቦ ይወርዳል። ከዚያ በቢላው ጫፍ አናናሱን ሸረፍ ያደርገዋል፤ አንድ ቁራጭ በአየር ተንሳፍፎ መጥቶ እቶርቲያው መሃል ያርፋል። ቀለሙ ነጭ የሆነ ተራ የራስ ሽንኩርት በጥሬው ተከትፎ፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሎሚ ጋር ይጨመርበታል። ሁሉም ነገር ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። አል ፓስቶር ዛሬ የአሳማ ሥጋ ነው። ካርኒታስም፣ ኮቺኒታም አሳማ ናቸው። በግ ወይም በሬ ከፈለጉ ባርባኮዋ፣ ፍየል ከፈለጉ ቢሪያ ብለው ይጠይቁ፤ ቢሪያ በበሬም ስለሚሠራ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። ከሥጋው ይልቅ ሰው ሳያውቅ የሚበላው ማንቴካ የሚባለው የአሳማ ስብ ነው። የታሸው ባቄላ መሰል አደንጓሬ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በእሱ ነው፤ የስንዴ ቶርቲያም በእሱ ሊለወስ ይችላል፤ የበሬ ሥጋ እንኳ በእሱ የሚበስልበት ቤት አለ። ሙስሊምም ይሁኑ ኦርቶዶክስ፣ «ማንቴካ አለበት?» ብለው ከመጠየቅ አይቦዝኑ። ንጹሑ የበቆሎ ቶርቲያ ግን በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ ነው፤ ለጾም ይሆናል። በእንጉዳይ፣ በድንች ወይም በዱባ አበባ የሚሠራው ታኮ ሜክሲኮ ውስጥም በዐቢይ ጾም የሚበላ ነው፤ በምን ቅባት እንደተሠራ ብቻ ይጠይቁ።

ወደ እርስዎ ደረቅ ታኮ ልምጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ሥራና የ1910 አብዮት ብዙ ሜክሲኳውያንን ወደ ሰሜን አሻገሩ። በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ከተማ፣ ሚትላ ካፌ የተባለ የሜክሲኳውያን ቤተሰብ ምግብ ቤት በ1937 ተከፈተ። የተጠበሰ ታኮ ከተፈጨ ሥጋ፣ ሰላጣና አይብ ጋር ይሸጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሃምበርገር ይሸጥ የነበረው ግሌን ቤል እዚያ እየበላ አሠራሩን አጠና፤ በ1962 ታኮ ቤል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ቶርቲያን ቅርጽ አስይዞ የሚጠብሰውን መሣሪያ ግን እሱ አልፈጠረውም። ኒውዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ሜክሲኳዊው ሁቬንሲዮ ማልዶናዶ በ1950 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የቤል ብልሃት ሌላ ነበር። ትኩስ ቶርቲያ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ የሚጋግር እጅም ይፈልጋል። ቀድሞ የተጠበሰ ደረቅ ቅርፊት ግን በካርቶን ይደረደራል፣ በመኪና ይጓዛል፣ ሳምንታት ይቀመጣል፤ ታኮ ሠርቶ የማያውቅ የ18 ዓመት ልጅም ሞልቶ ይሸጠዋል። ሜክሲኳዊ ጎረቤት በሌለበት ከተማ ሁሉ ታኮ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋውን የከፈለው ቂጣው ነው፤ ልስላሴውንም ሽታውንም አጣ። ድርጅቱ በ1992 እና በ2007 ወደ ሜክሲኮ ለመግባት ሞክሮ ሁለቱም ጊዜ ሳይሳካለት ወጥቷል። ባልደረባዎ የተቆጣው በዚህ ቅርፊት ነው፤ አልፈርድበትም።

ዛሬ ታኮ በየአገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ኖርዌያውያን ዓርብ ማታ ከቤተሰብ ጋር ታኮ መብላትን ልማድ አድርገውታል። ፈረንሳይ ውስጥ «ታኮስ» የሚባለው ሊዮን አካባቢ የተጀመረ፣ ድንች ጥብስና የአይብ ስጎ በስንዴ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ነገር ነው፤ ፓሪስ ያሉ ወገኖቼ ይህን ቀምሰው ስለ ሜክሲኮ እንዳይፈርዱ አደራ እላለሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ በ2008 የኮርያ ተወላጁ ሮይ ቾይ ከባልደረቦቹ ጋር ኮጊ በተባለ የምግብ መኪና የኮርያ የጎድን ሥጋ በቶርቲያ መሸጥ ጀመረ፤ የምግብ መኪና ንግድን መልክ ከቀየሩት አንዱ ነው። የእርስዎም ሐሳብ ከዚህ ዓይነቱ የራቀ አይመስለኝም። ልዩነቱን ግን ልብ ይበሉ። ኮጊ የቀየረው ውስጡን ነው፤ ቶርቲያውን አልነካም። እርስዎ የሚቀይሩት ቶርቲያውን ነው።

እዚህ ላይ ነው «ያው ጠቅልሎ መብላት ነው» የሚለውን የማልቀበለው። ቶርቲያ የሥጋ ማቀፊያ ብቻ አይደለም። በ2024 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሼሊን ኮከብ ያገኘው የመጀመሪያው የሜክሲኮ ታኮ መሸጫ፣ ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን፣ ከ1968 ጀምሮ የሠራ፣ ቁመቱም ወርዱም ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ ቦታ ነው። ስሙን ያስጠራለት ታኮ ቀጭን የበሬ ሥጋ፣ ጨው፣ ሎሚና እዚያው የተጋገረ ቶርቲያ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ቶርቲያው ደካማ ቢሆን መደበቂያ አይኖረውም ነበር። በሰሜን ሜክሲኮ፣ በተለይ በሶኖራ፣ ቶርቲያው ከስንዴ ይሠራል፤ እሱም ታኮ ነው፤ እሱም ያልቦካ፣ ተዳምጦ በደረቅ ምጣድ የሚገላበጥ ቂጣ ነው። ከእኛ ምግብ የቶርቲያ ዘመድ ካስፈለገ እንግዲህ ቂጣ ነው። እንጀራ በሌላ መንገድ የተወለደ ነው፤ ቀናት የቦካ፣ የቀጠነ ሊጥ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ የሚጋገር፣ በዓይኑ ወጥ የሚጠጣ። ቶርቲያ ወጡን ይይዛል፤ እንጀራ ወጡን ይጠጣል።

ይህ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ መኪናዎ ላይ የሚገጥምዎ ነገር ነው። ቀይ ወጥ የተጠቀለለበት እንጀራ ደንበኛው ጥግ ደርሶ ሳይቀመጥ ከስሩ ይበሳል። ከትልቁ እንጀራ ቆርጠው ከጠቀለሉ ደግሞ የተቆረጠው ጠርዝ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ በትንሽ ምጣድ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙ ድፍን የሆነ እንጀራ ለየብቻው ይጋግሩ። ዓይኑ ወደ ውስጥ፣ ልስልሱ ጀርባ ወደ ውጭ ይሁን፤ ለእጅም ይመቻል። የሚሞሉትም ደረቅ ጥብስ፣ ጎመን በአይብ፣ ውሃው እስኪመጥ የተንተከተከ ምስር ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ይሁን። ሜክሲኳውያን ሻጮች የሚያፈስ ሙሌት ሲኖር ሁለት ቶርቲያ ደርበው ይሰጣሉ፤ ለዶሮ ወጥ ካልሆነ በቀር እርስዎ ይህን አያስፈልግዎትም፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከነአጥንቱ በመኪና ላይ ባይሸጡት እመክራለሁ። ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዳይወርድ ቴርሞሜትር ይግዙ። ጥሬ ክትፎ ከመኪና ላይ አይሽጡ። «ግሉተን የለውም» ብለው ከመጻፍዎ በፊትም እንጀራው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ብዙ ነው፤ ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚቀሰቅሰው ሕመም ያለበትን ሰው ይጎዳል።

ስለ ስሙ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ «የኢትዮጵያ ታኮ» አይበሉት። ሕግ አይከለክልዎትም፤ ታኮ የሚለውን ቃል ማንም በባለቤትነት አልያዘውም። አንድ የአሜሪካ ድርጅት «ታኮ ማክሰኞ» የሚለውን ሐረግ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለአሥርተ ዓመታት ይዞት ኖሮ በ2023 ለቅቆታል። የምቃወመው በሌላ ምክንያት ነው። ደንበኛው «ታኮ» ሲያነብ ሎሚ፣ ድንብላልና የበቆሎ ሽታ ይጠብቃል፤ የእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕም ሲመጣበት የተበላሸ ታኮ የበላ ይመስለዋል። «እንጀራ» ብለው ከሰጡት ግን ያ ኮምጣጣነት የምግቡ ማንነት ይሆናል። «ታኮ» ራሱ ማንም ሳይተረጉመው፣ በራሱ ስም ኖርዌይ ደርሷል። ሰሌዳዎ ላይ እንጀራ የሚለውን በትልቁ ይጻፉ፤ ከስሩ በትንሹ ምን እንደተሞላበት ይዘርዝሩ።

ለቤትዎ ቶርቲያ ደግሞ ከሁለቱ መንገዶች ቀላሉን ይምረጡ። በአካባቢዎ ባሉት የላቲን ሱቆች ማሳ ሃሪና የሚባል፣ አስቀድሞ በኖራ ተቀቅሎ የደረቀ የበቆሎ ዱቄት አለ። አሬፓ ለሚባለው የቬንዝዌላ ቂጣ የሚሸጠውን ዱቄት ግን አይግዙ፤ ቀድሞ የተቀቀለ ቢሆንም ኖራ አልነካውም፤ ይሰባበርብዎታል። ለሁለት ኩባያ ማሳ ሃሪና አንድ ኩባያ ተኩል ያህል ሙቅ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምረው ያሹ፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ከእንቁላል ትንሽ ያነሰች ድቡልቡል ሠርተው በጣትዎ ይጫኗት። ጠርዟ ከተሰነጠቀ ውሃ ይጨምሩ፤ እጅዎ ላይ ከተለጠፈች ዱቄት። በሁለት ፕላስቲክ መካከል አድርገው በጠፍጣፋ ድስት ስር ተጭነው ይዳምጧት። በጋለ ደረቅ ምጣድ ላይ የመጀመሪያውን ፊት ለግማሽ ደቂቃ፣ ሁለተኛውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጋግሩ፤ መልሰው ሲገለብጧት መሃሏ ካበጠ ሊጡ ልክ ነው። የተጋገሩትን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አሥር ደቂቃ ያቆዩ፤ እንፋሎቱ ነው የሚያለሰልሳቸው። ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ጥሩ ሊጥ ይዞም የሚሰባበር ቶርቲያ ያወጣል።

ከፍሬው ልጀምር ካሉ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ነጭ በቆሎ አሥር ግራም ኖራና ሦስት ሊትር ውሃ ይበቃል። ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ቆዳው እስኪላቀቅ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሃምሳ ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ቀቅለው በዚያው ውሃ ያሳድሩት፤ ጠዋት ደጋግመው ይጠቡት። ኖራው ለምግብ የተዘጋጀና በማሸጊያው ላይ ይህ የተጻፈበት መሆን አለበት፤ በላቲን ሱቆች «ካል» ተብሎ ይሸጣል። ለግድግዳ ቅብና ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ በምንም ምክንያት አይጠቀሙ። ዱቄቱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ በማንኪያ ቀስ ብለው ይጨምሩ፣ ልጆችን ያርቁ። ድስቱም የአሉሚኒየም አይሁን፤ ኖራው ይበላዋል፤ የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ። እርጥቡን ፍሬ ለመፍጨት ተራ የእህል ወፍጮ አያገለግልም፤ በእጅ የሚዞር የእርጥብ እህል መፍጫ ያስፈልጋል። ባልደረባዎ እናቱ ወይም አያቱ ሲሠሩ አይቶ ከሆነ፣ ፍሬው መቼ እንደበቃ በጣት መለየትን ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ከእሱ ቢማሩ ይሻላል።